የግማሽ መሰላል ክረምት

ሰኔ 3 ቀን 2006፣ ማክሰኞ

ይህ ደብተር የትምህርት ዝግጅት መያዣ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ስንት ደብተር እንደጨረስኩ አላህ ይወቀው። ይህኛው ግማሹ ባዶ ስለቀረ ለቤት ጉዳይ አውዬዋለሁ። ባለቤቴ ቡሽራ አይታኝ፣ የምትሠራውን ከምትጽፍ የጻፍከውን ብትሠራ ይሻል ነበር ብላ አለፈች።

ከክረምቱ በፊት የሚሠሩ፦ አሸንዳውን መጥረግ። የላሉትን የጣራ ሚስማሮች መምታት። ቀዳዳዎቹን ካትራሜ መቀባት። የጓሮውን የውኃ መውረጃ ቦይ መክፈት። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ በግንቦት ይጨርሳል። እኔ የፈተና ወረቀት ሳዘጋጅ ግንቦት አመለጠኝ።

ቦዩን ዛሬ ከፈትኩ። ሸጋ ሆነ። የቀሩት ሦስቱ ጣራ ላይ ናቸው፤ ጣራ ለመውጣት መሰላል ያስፈልጋል። መሰላል አለኝ፣ ግን ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ፣ ለራሴም ቢሆን። ቤቱ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ የጣሊያን ጊዜ ቤት ነው፣ ባለ አንድ ጣራ። አባታችን ሲሞት እኔና ታናሽ ወንድሜ ዐብዱልከሪም ሳሎኑ መሐል ግድግዳ አቁመን ለሁለት ተካፈልነው። ሽማግሎቹ ማንኪያ ሳይቀር ሲያካፍሉን የአባታችንን የጥድ መሰላል ረሱት። ጥቅምት ላይ፣ በዐረፋ ማግሥት፣ የኔ ነው የኔ ነው ተባባልንና መሰላሉ በመጋዝ ተቆረጠ። አሥራ ሦስት እርከን ነበረው። የታችኛው ሰባት ለኔ ደረሰ፣ የላይኛው ስድስት ለሱ። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም፤ ስምንት ወራችን ነው። ጣራው የሚደረሰው ደግሞ ከአሥራ አንደኛው እርከን ላይ ነው።

ችግር የለም። ጎንደር ውስጥ መሰላል ሞልቷል።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ጎንደር ውስጥ መሰላል የለም።

መጀመሪያ ጎረቤታችን እትዬ እንኳየሁ ዘንድ ሄድኩ። ሰኞ ዕለት መሰላላቸውን ግድግዳቸው ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ለቤተ ክርስቲያን አውሼዋለሁ አሉኝ። ከዚያ ጣራ ሠሪው ቢሻው ጋ። ሥራ እስከ ነሐሴ ተደራርቦብኛል አለ፤ ይህን ሲለኝ ዳማ እየተጫወተ ነበር፣ ለዕረፍት ይሆናል። ከዚያ ትምህርት ቤት። የንብረት ክፍሉ ካሣዬ፣ ንብረት ቆጠራ ላይ ስለሆነ አንድ ሚስማር ከግቢ አይወጣም ብሎ መለሰኝ። ይህ እንኳ ሕግ ነው፣ አልቀየምም።

በመጨረሻ የአባታችን ወዳጅ፣ የሰፈራችን ሽማግሌ፣ አያ ሸሪፍ ዘንድ ሄድኩ። መሰላል አለኝ፣ ግን ዶሮ ታቅፋበታለች አሉኝ። መሰላል ላይ? ብዬ ጠየቅሁ። አዎ፣ አምስተኛው እርከን ላይ፣ ብትነካት ዕንቁላሏን ትጥላለች አሉ። አልተከራከርኩም። ዶሮ የፈለገችው ቦታ ነው የምትታቀፈው።

ሁሉም ሲሸኙኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው ያሉት፦ ወንድምህ ዘንድስ የለም? ምነው የኔን ወንድም እንዲህ አነሡት?

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ዘነበ። የምር ዘነበ።

ሁለት ሳፋ፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ድስት። ውኃው የሚገባው የጣራውን ጀርባ በሚሸፍነው ላሜራ ሥር ነው፣ ልክ ድንበራችን ላይ። ስለዚህ ለሁለታችንም እኩል ይደርሰናል። ሽማግሎቹ እንኳ እንዲህ አስተካክለው አላካፈሉንም። በግድግዳው ማዶ የሱም ሳፋ ሲንጠባጠብበት ይሰማኛል፤ የኔ ሁለት ሲል የሱ ሦስት ይላል። ደስ አለኝ፣ አስተግፊሩላህ።

ማታ ቡሽራ አንድ ነገር ነገረችኝ። ዐብዱልከሪም ድርሻውን ሸጦ አዘዞ ሊገባ ነው። የነገረቻት ሚስቱ ያስሚን ናት፤ ሁለቱ ሴቶች እንደኛ አይደሉም፣ ቀኑን ሙሉ ግቢው ውስጥ አብረው ናቸው።

ይሂድ። እፎይ ነው። አዘዞ አየሩ ጥሩ ነው ይባላል።

ሾርባዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ሳፋው ሊሞላ ነበር።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ደላላ ገዢ ይዞ መጣ። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር ማለት አልችልም፤ ግድግዳው ስስ ነው። ሰውዬው ሳሎኑን እያደነቀ ሳለ ዝናቡ ጀመረና መላጣው ላይ ጠብ አለ። በግልጽ ሰማሁት። ደላላው ይህ የጠዋት ጤዛ ነው አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ገዢው ሄደ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህ ጣራ እያፈሰሰ ይህ ቤት አይሸጥም። ጣራውን ብጠግን ወንድሜ ይሄዳል። ባልጠግን አልጋዬ ይበሰብሳል።

እንዲቀር ፈልጌ አይደለም። ግን በሱ ቦታ ማን እንደሚገባ ማን ያውቃል? ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ። አልጋውን ከመስኮቱ ወደ ቁም ሣጥኑ አዛወርኩት። ቡሽራ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አለች። ስለማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ

እርማት። ሰማንያ ሦስት ወረቀት። አልጋው ሦስተኛ ቦታ ተዛወረ፣ አሁን በሩ ጋ ነው፤ ለመውጣት በላዩ መዝለል ያስፈልጋል። ቡሽራ ምንም አልተናገረችም። ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ሰኔ 22፣ እሑድ

የረመዳን ሁለተኛ ቀን። ጠረጴዛ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ወንበሩ ላይ ቆሜ ቀዳዳውን ስፈልግ አንድ ጠብታ አፌ ውስጥ ገባ። ሳላስበው ዋጥኩት።

ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄጄ አያ ሸሪፍን ጠየቅኋቸው። ሳታስበው ከሆነ ጾምህ ደኅና ነው አሉ። ቀጥለው አፌ ለምን እንደተከፈተ ጠየቁ። እየተናገርኩ ነበር አልኩ። ከማን ጋር? ብቻዬን። ስለማን? እዚህ ላይ ሳል ያዘኝ።

«ውኃው ጾምህን አላበላሸውም» አሉኝ። «እኔን ያሰጋኝ ወሬው ነው።»

ለማፍጠሪያ የሥጋ ሳንቡሳ ቀረበ። ቡሽራ ሥጋ እንዳልገዛች አውቃለሁ። ከማን ቤት እንደመጣ ግን አልጠየቅሁም። ስድስት በላሁ።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ የሆነውን ለማንም አልናገርም። ለዚህ ደብተር ብቻ።

ቡሽራ ከንጋት በፊት፣ ሱሑር ላይ፣ ትራሷን ጨምቃ ውኃውን ፊት ለፊቴ ባልዲ ውስጥ አፈሰሰችው።  ስለዚህ ዘዴ ፈጠርኩ። ግማሽ መሰላሌ ጣራ ባይደርስም ኮርኒስ ይደርሳል። በኮርኒሱ በኩል ገብቼ የራሴን ወገን ብቻ ከውስጥ ካትራሜ እቀባለሁ። የሱ ወገን እንዳለ ያፍስስ፣ ገዢ ይሽሽ። እኔም ደረቅ፣ ቤቱም ሳይሸጥ። በእውነት ደስ የሚል አሳብ ነበር።

ያልተሰላው አንድ ነገር ነው። የከፈለን ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ነው የሚያበቃው፤ ከዚያ በላይ አንድ ጨለማ ነው። በአግዳሚ እንጨቶቹ ላይ እየዳኽኩ ሳለ የባትሪዬ ድንጋይ አለቀ። ዞርኩ። ዞርኩ መሰለኝ። ትንሽ ሄጄ እግሬን ሳሳርፍ እንጨት አልነበረም፣ የኮርኒሱ አቡጀዲ ጨርቅ ነው። ቀኝ እግሬ እስከ ጭኔ ወረደ።

ከሥሬ ሰው ያወራ ነበር። ደላላው ነው። ኮርኒሱ እንዲህ ዓይነት ጥንካሬ ያለው ነው እያለ ሳለ ነው የመጣሁት። ጸጥ አሉ። እኔም ጸጥ አልኩ። እግሬን ልመልስ ብሞክር ጫማዬ ወለቀና ወደቀ። ካልሲዬ አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ነበረበት።

ዐብዱልከሪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ያስሚን፣ ይህ እግር የዚህ ቤት ነው?»

ገዢው ሳይሰናበት ወጣ። ከዚያ አንድ ሰው መጥረጊያ አምጥቶ የውስጥ እግሬን ወደ ላይ ገፋልኝ። ሰው የማያስደነግጥ አገፋፍ ነበር። የኋላ ኋላ ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ሰማሁ። ልጅ ሆነን ከቁርኣን ቤት ስንመለስ የሚስቀው ሳቅ ነው፣ አፍንጫውን ይዞ።

ገዢውን ለማባረር ሆነ ብዬ አላደረግሁትም። ወላሂ አላደረግሁትም።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ጫማዬ ጠዋት ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። ቀለም ተቀብቷል። ገመዱም አዲስ ነው። ሁለተኛው ጫማዬ አሁን አሮጌ መሰለ።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሦስት ቤት መሰላል ጠየቅሁ። ዶሮዋ አሁንም ታቅፋለች። ጫጩት ለመፈልፈል ሃያ አንድ ቀን እንደሚበቃ ለአያ ሸሪፍ ነገርኳቸው። ይህችኛዋ ዘገምተኛ ናት አሉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላርም። ከላይ «መሰላሉ በመጋዝ ተቆረጠ» ብዬ ጽፌያለሁ። ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ፣ ማን ቆረጠው ብዬ በቀይ አሰምርበት ነበር።

መጋዙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እሱ፣ ተወው አያ፣ ውሰደው ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ሁሉም በእኩል ነው፣ ውለታ አልፈልግም ብዬ ደረቅሁ። መቁረጥ ስጀምር መሰላሉ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ መጣና እጄን እንዳልቆርጥ ጫፉን ያዘልኝ። እኔ ስቆርጥ እሱ ይዞልኝ ነበር። ስጨርስ ደግሞ ሰባት ለኔ፣ ስድስት ላንተ፣ እኔ ታላቅ ነኝ አልኩት። ያን ቀን ነው ፊቱን ያዞረው።

ስምንት ወር ሙሉ ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ «ተቆረጠ» ነው የምለው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ልብሴ ገና አልደረቀም፤ ግን ልጻፈው።

ከጁምዓ መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ በጎርጎራ በኩል ጠቆረ። ነፋሱ ደረሰና የጣራውን ጀርባ የሸፈነውን ላሜራ አንዱን ጫፍ ነቅሎ ያራግበው ጀመር። ዝናቡ ተከተለ። አሁን መንጠባጠብ አይደለም፣ ቧንቧ ነው። ቡሽራ ባልዲ ይዛ ትሮጣለች፤ ከማዶ ያስሚንም ስትሮጥ ይሰማል።

ግማሽ መሰላሌን ተሸክሜ ግቢ ወጣሁ። ምን ላደርግበት እንደሆነ አላውቅም። እኔ ስወጣ ዐብዱልከሪምም የሱን ግማሽ ተሸክሞ ወጣ። ቆምን። ዝናቡ በሁለታችንም ላይ ይወርዳል።  ከዚያ የኔን አስደገፍኩ፤ እሱ የሱን በላዩ ደረበና በገመድ ማሰር ጀመረ። ሁለት እርከን ተደራረበ፤ ሰባት ሲደመር ስድስት ሲቀነስ ሁለት፣ አሥራ አንድ። ልክ የሚያስፈልገው።

ቡሽራ ከደጃፉ ሆና ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ አስጠነቀቀችን። ዐብዱልከሪም ለያስሚን፣ ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ወፍራሙ ታች ይቁም፣ ቀጭኑ ይውጣ አለ። እኔም ለቡሽራ፣ ንገሪው፣ የስበት ማእከሉን ጠብቆ እንዲይዝ አልኩ። በመካከላችን አንድ ክንድ አይሞላም ነበር። ሴቶቹ አንዳቸውም መልእክት አላደረሱም።

ወጣሁ። መዶሻ ወገቤ ላይ፣ ሚስማር አፌ ውስጥ። ዘጠነኛው እርከን ላይ ገመዱ ሸርተት አለና መሰላሉ ወደ ግራ ዘመመ። ሚስማሩን ተፋሁት።

«ከሪም፣ ያዘኝ!»

«ይዤሃለሁ አያ። ውጣ።»

ወጣሁ። ላሜራውን በጉልበቴ ተጭኜ አሥራ አራት ሚስማር መታሁ። ወደ ታች ሳይ ወንድሜ መሰላሉን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ውኃው ከአሸንዳው በቀጥታ አናቱ ላይ እየወረደበት፣ ዓይኑን ሳይነቅል እኔን ነበር የሚያየው። ከታች ላለ ሰው ያን ያህል ዝናብ በፊቱ መቀበል ግዴታ አይደለም። ዘወር ማለት ይችል ነበር።

ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያየን ነበር። እትዬ እንኳየሁ አጥራቸው ላይ መሰላል አስደግፈው፣ መሰላሉ ላይ ቆመው ነው የሚያዩን። ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶላቸው መሆን አለበት። ቢሻው በትከሻው መሰላል ይዞ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ወደ ሥራ ሲሄድ ይሆናል። አያ ሸሪፍም ቤት በሚያህል መሰላል ተደግፈው ቆመዋል። ዶሮዋ ፈልፍላለች ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

ወረድኩ። ውኃ እያንጠባጠብን ፊት ለፊት ቆምን። ደኅና ነህ? አለኝ። ደኅና ነኝ አልኩት። ልቀጥል አፌን ስከፍት እሱ ቀደመኝ። ረቡዕ ገዢ ይመጣል፣ እንግዲህ አያፈስም፣ አላህ ይስጥልኝ አለና ገባ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ቤቱ ደረቅ ነው። አልጋው ወደ ቦታው ተመልሷል። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዎች በየተራ መሰላል ላውስህ ብለው መጡ። የዚህ ሰፈር ሰው ግራ ነው፣ ሲያስፈልግህ የለም፣ ሳያስፈልግህ ይሰለፋል።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ገዢው መጡ። አቶ ሐብተ ማርያም ይባላሉ፣ የአይከል እህል ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው። ቤቱን አዩ፣ ወደዱት። ከላይ ዝናብ ይወርዳል፣ ከሥር አንድ ጠብታ የለም። አሥራ አራቱንም ሚስማር ረገምኳቸው።

ከዚያ የኔን በር አንኳኩ። ቤት የሚገዛ ሰው ጎረቤት ሳይጠይቅ አይገዛም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። ወንድሜ ከኋላቸው በረንዳው ጥግ ቆሟል። ሰውዬው፣ ቤቱ ነውር ካለበት በጾምዎ ይንገሩኝ አሉኝ።

ያፈስሳል ልላቸው አስቤ ነበር። ግን በጾሜ ነው የጠየቁኝ።

«ቤቱ ነውር የለበትም» አልኩ። «ነውር ያለበት ጎረቤቱ ነው።»

የትኛው ጎረቤት? አሉ።

«እኔ ነኝ። የአባቴን መሰላል በመጋዝ የቆረጥኩ ሰው ነኝ። እጄን እንዳልቆርጥ የያዘልኝን ወንድሜን ዘጠኝ ወር አኮረፍኩት። እርስዎ ቢገቡ ደግሞ እርስዎንም እጠላዎታለሁ፣ ምንም ሳያደርጉኝ፣ እሱ ባለመሆንዎ ብቻ። እንዲሄድብኝ አልፈልግም።»

አቶ ሐብተ ማርያም እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። በወንድማማች መሐል አልገባም፣ እግሬም ይሰበራል አሉና ሄዱ። ደላላው ተከትሏቸው ሮጠ።

ዐብዱልከሪም ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ከማዶ ድምፅ የለም። ሳንቡሳም አልመጣም። ምናለ አፌን ብይዝ? ሰው ንብረቱን ሊሸጥ መብቱ አይደለም? ገዢ ሦስተኛ ጊዜ አባረርኩበት፤ አንዴ በእግሬ፣ አንዴ በአፌ፣ የመጀመሪያውን ደግሞ በስንፍናዬ። ቡሽራ ዝም በል፣ ጠብቅ አለችኝ። እሷ ዝም በል ስትለኝ የምታውቀው ነገር አለ፣ ግን ምን እንደሆነ አትናገርም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ዒድ።

ሜዳው ላይ ከሶላት በኋላ ሰው ይተቃቀፋል፣ አውፍ፣ ይቅር ይባባላል። እኔ በዓይኔ ነጭ ለባሹን ሁሉ እያገላበጥኩ ወንድሜን ፈለግሁ። ሌሊቱን ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፣ በሦስት ክፍል። ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካኝ። ስዞር የመጀመሪያው ክፍል ጠፋኝ።

አውፍ በለኝ ብቻ አልኩት።

«አዘዞ ቤት የለኝም» አለኝ። «አልተከራየሁም፣ አልገዛሁም። ደላላውን ያመጣሁት አትሂድ እንድትለኝ ነው። ሰኔ ሙሉ ጠበቅሁ፣ አንተ በኮርኒስ መጣህ።»

 አንገቱን አቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ሰዉ ወደየቤቱ ሲበተን እኛን በግራና በቀኝ እየዞረን ነበር የሚያልፈው።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዘነበ። ጣራው በሌላ በኩል ማፍሰስ ጀመረ፣ በኔ ወገን ብቻ። ከሪምን ጠራሁት።